ለስንት ወር ነው የሚፈልጉት?

ጥቅምት 4

ይድረስ ለምወድህ አባቴ፣

እንደምን ሰነበትክ? ዳሌህስ? ጎረቤታችን መምህርቷ ክራንቹን ጥለህ እስከ አጥሩ በር ደርሰህ ነበር ብላኛለች። እባክህ አትቸኩል፤ ሐኪሙ ሳይፈቅድልህ ደረጃ እንዳትሞክር። እኛ ደህና ነን።

ከሁሉ በፊት ይቅርታ። እሑድ ዕለት ዘግተንብህ የተነሣን መስሎህ አዝነሃል አሉ። አልዘጋንም አባባ። የተከራየሁት ቤት ኢንተርኔት የለውም፤ የምንደውልልህ በእኔ ስልክ ዳታ ነው፤ እሱም በዚህ ወፍራም ግድግዳ ውስጥ ይንገዳገዳል። ምስሉ ሲቆም ወንድሜ አንተ ዘንድ አፉን እንደከፈተ ይቀራል፤ እዚህ ግን ወሬውን ይቀጥላል። ጨርሶ መልስ ሲጠብቅ አንተ «አላየሁም፣ ድገመው» ትለዋለህ። ያን ቀን ለአራተኛ ጊዜ ከደገመልህ በኋላ ስልኩን ትራሱ ሥር ከቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሌላ አባት ቢሆን ድምፅ ይበቃው ነበር። አንተን የእንጨት መሰንጠቂያው ጩኸት ጆሮህን ከነሣህ ስንት ዘመኑ፤ እሱን ደግሞ የጉሮሮው ኦፕራሲዮን ድምፁን ወሰደበት። ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፣ ነርሶቹም እኔም አንዲት ቃል አንይዝም። ውሃ ሲፈልግ፣ ሲያመው፣ በወረቀት ይጽፍልኛል። መጻፍ ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ከድሮም አይወድም። እንደ ልቡ የሚያወራው ከንፈር ከሚያነበው ካንተ ጋር ብቻ ነው። ያን ሁሉ የሚለፈልፍ ልጅህ በቀን ሁለት መስመር ጽፎ ሲተኛ ማየት ከበሽታው የባሰብኝ ጊዜ አለ።

ስለዚህ የቤት ኢንተርኔት ፍለጋ ወጣሁ። የመጀመሪያው ድርጅት ውስጥ ወረፋ ጠብቄ አንዲት ልጅ ፊት ተቀመጥኩ። አድራሻ ጠየቀችኝ፤ የኪራይ ውል ጠየቀችኝ፤ የቤቱ ባለቤት ግድግዳ መብሳት ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሁሉንም መለስኩ። ከዚያ «ለስንት ወር ነው የሚፈልጉት?» አለች።

የእነሱ ትንሹ ውል የአንድ ዓመት ነው፤ እኔ ግን የተከራየሁት ሕክምናው እስኪያልቅ ነው። ይህንኑ ነገርኳት። «ሕክምናው መቼ ያልቃል?» አለችኝ። በጨዋ ደንብ ነው የጠየቀችኝ፤ ክፋት የለባትም። ከኋላዬ የቆመው ሰው ጉሮሮውን ሲጠርግ ተነሥቼ ወጣሁ። ሁለተኛው ቦታ ደግሞ ለአጭር ጊዜ ተከራይ መስመር አንዘረጋም ብለው ከበር መለሱኝ።

ይህን በስልክ መልእክት ያልላክሁልህ ስልኩ የመምህርቷ ስለሆነ ነው። እንደ እሷ ያለ ጎረቤት አይገኝም፤ ግን የቤታችን ነገር ሁሉ በእሷ እጅ እንዲያልፍ አልፈልግም። የልባችንን በፖስታ እንጻጻፍ።

ልጅህ


ጥቅምት 10

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጽሑፌ ተጣሞብሽ እንደሆነ ይቅር በይኝ፤ ወንበር ላይ ስቆይ ዳሌዬ ስለሚወጋኝ ተጋድሜ ነው የምጽፈው።

ለምን እንደማልመጣ አትጠይቂኝ ብዬሽ ነበር፤ ባለፈው ስንተያይ ጠየቅሽኝ። ሐኪሙን አማከርኩት። አውቶቡስ ላይ ያን ሁሉ መንገድ ተቀምጠህ የገባልህ ብረት ቢላቀቅ ዳግመኛ አትቆምም አለኝ። ከንፈሩን ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ያው ነው።

የወንድምሽን ፀጉር ቤት ባልደረባው ከፍቶ ይውላል። ደንበኞቹ መንገድ ላይ እያስቆሙ ስለ ወንድምሽ ይጠይቁኛል። ፀጉራቸውን እንደሆነ ማንም ይቆርጥላቸዋል፤ የጠፋባቸው ወሬው ነው። አንዱ ጎልማሳ፣ ያ ባለ ዳቦ ቤቱ፣ ልጅህ እስኪመለስ አልላጭም ብሎ ጢሙ ደረቱ ደርሷል። ይህን ንገሪው፤ ይሥቃል።

ስለ መስመሩ መምህርቷን ጠይቄልሻለሁ። ሁለት ነገር አለች። አንደኛ፣ ከበሩ አጠገብ ወይም ከመስኮቱ ሥር የድሮ መስመር ሶኬት እንዳለ ፈልጊ፤ ከአንቺ በፊት የነበረው ተከራይ ትቶት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ውል የማይጠይቅ፣ ሲም ካርድ የሚገባበት ትንሽ ሣጥን አለ፤ እሱን ከመግዛትሽ በፊት የሰው ተውሰሽ ቤት ውስጥ በየጥጉ ሞክሪው። አንዱ ጥግ ሲሠራ ሌላው ላይ ይሞታል አለች።

የእሑዱን አልተቀየምኩም። ከተናገረው ሦስት ቃል ያዝኩ፤ «ሾርባ»፣ «ነርሷ»፣ «አንተስ»። በእነዚያ ሳምንቱን ሙሉ ስቆዝም ሰነበትኩ፤ መካከሉን እየሞላሁ።

የወንድምሽ ሐኪም ምን እንዳለ አልጻፍሽም።

አባትሽ


ጥቅምት 18

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላምታዬ ይድረስህ። ሶኬት ፈልጌ አጣሁ፤ ሣጥኑን ግን አገኘሁ። ፎቅ ላይ ያለችው ተማሪ የራሷን አዋሰችኝና ክፍል ለክፍል ይዤው ዞርኩ። መኝታ ክፍል የለም፣ ሳሎን የለም፣ መታጠቢያ ቤት ትንሽ፤ ኩሽና መስኮት ላይ ስንደርስ መብራቶቹ ሁሉ በሩ። እኔም የራሴን አመጣሁ።

ልጅህ አሁን የሚያወራህ በርጩማ ላይ ሆኖ፣ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ፣ ጀርባውን ለምድጃው ሰጥቶ ነው። ከኋላው የምታያቸው ድስቶች የእኔ አይደሉም፤ የአከራይዋ ናቸው፤ ስለዚህ ጥቁረታቸውን በእኔ አትፍረድ።

ረቡዕ ዕለት ከኮሪደሩ ሆኜ አየኋችሁ። ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ሲሥቅ ነበር። ድምፅ የሌለው ሣቅ አይቼ አላውቅም፤ መጀመሪያ የሚያለቅስ መስሎኝ ልገባ ነበር። ምን አወራችሁ? ሲጨርስ በምልክት ብጠይቀው እጁን አወናጨፈብኝ፤ የወንዶች ነው አለኝ መሰለኝ። እውነቱን ልንገርህ አባባ፣ ቀናሁ። አብሬው የምውለው እኔ፣ የማጥበው እኔ፣ ጨዋታው ግን ከአንተ ጋር ነው።

ሣጥኑ አንድ ዓመል አለው። ጠዋት ይሮጣል፤ ሰፈርተኛው ከሥራ ሲመለስ ይተኛል። እኛ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ለጨረር ሆስፒታል ነን። ተመልሰን አረፍ ብሎ አንተን ልናገኝህ ስንል ምስሉ ይቆማል። ስለዚህ ለመስመር ግድግዳ እንዲበሳልኝ አከራይዋን ለመንኳቸው። እሳቸው ግድግዳቸውን እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚያዩት፤ ከኔ በፊት የነበረ ተከራይ አንድ ሚስማር መትቶ እስካሁን ያነሡታል። ወንድሜ ተነሥቶ በርጩማውን አሳያቸው፤ ብርድ ልብሱን አሳያቸው፤ ከዚያ አንተን በስልኩ ላይ አሳያቸው። ሴትዮዋ ወጡ፤ በማግስቱ የተፈረመ ፈቃድ በበሩ ሥር አገኘሁ።

ሦስተኛ ድርጅት ሄድኩ። ወጣት ልጅ ነው ያስተናገደኝ። ያው ጥያቄ መጣ፤ «ለስንት ወር ነው የሚፈልጉት?» አሁን ግን ተዘጋጅቼ ነበር። «ለዓመት» አልኩት። «እዚያ ቤት ዓመት ይቆያሉ?» አለኝ። «አዎ፣ ከወንድሜ ጋር» አልኩት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ደስ አለኝ አባባ። ፈርሜ ስወጣ ሐኪም የፈረመልኝ ያህል ቀለል አለኝ። ወረቀቱን ወንድሜ አይቶ ቅንድቡን አነሣ።

ልጅህ


ጥቅምት 24

ለልጄ፣

የሣቅነው በኔ ነው። ከጆሮዬ ጀርባ ያደገውን ፀጉር አየና «ማነው የቆረጠህ፣ አናጢ ነው?» አለኝ። ራሴ ነኝ ብለው ያን ጊዜ ነው ትከሻው የተንቀጠቀጠው። ከዚያ ጎን አዙረኝ፣ አጎንብስ፣ ወደ መብራቱ ተጠጋ እያለ ስክሪኑ ፊት አሽከረከረኝ። ያለ መቀስ ሲቆርጠኝ ዋለ። መምህርቷ ገብታ አንገቴን አጣምሜ ብታየኝ ደንግጣ ወጣች።

አትቅኚ። ከእኔ ጋር የሚያወራው ቧልት ነው። ከባዱን ለአንቺ ነው የተወው።

ስለ ውሉ ደግ አደረግሽ። ዓመት የሚለውን አነበብኩና እኔም በጣቴ ወራቱን መቁጠር ጀምሬ ተውኩት።

የሐኪሙን ነገር አሁንም ዘለልሽው። ቸኩዪ አልልሽም። ግን መዝለልሽን እንዳየሁ እወቂ።

አባትሽ


ኅዳር 14

ይድረስ ለአባባ፣

ቆየሁብህ፤ ይቅርታ። በየቀኑ ስለምንታይ የምጽፈው ያለቀ መስሎኝ ነበር። አንተ በስክሪን የማይነገር ነገር ስለጠየቅከኝ ግን ይኸው ተቀመጥኩ።

መስመሩ እንደገባ አይተሃል። ሁለት ሠራተኞች መጥተው ከመንገዱ ምሰሶ እስከ መኝታ ክፍሉ ሳቡልን። አከራይዋ ከሚበሳው ግድግዳ ሥር ጋዜጣ ዘርግተው አቧራውን በእጃቸው ተቀበሉ። ወንድሜ ከአልጋው ሆኖ በጣቱ ወደ ላይ፣ ወደ ግራ እያለ አሠራቸው፤ አንደኛው ልጅ «አለቃችን ከዚህ ሰው ይሻላል» አለ። ያን ሳምንትና ቀጥሎ ያለውን እንዴት እንደነበረ አንተ ከእኔ ታውቃለህ። ከሆስፒታል እንመለሳለን፣ ትንሽ ሾርባ ይወስዳል፣ ከዚያ እስክትደክሙ ታወራላችሁ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ የሰው መነጽር እንደምጠርግ ሆኜ ኮሪደሩ ላይ እቀመጣለሁ። የምሠራበት መነጽር ቤት ባልደረባዬ በፖስታ የምትልክልኝን ሌንስ እዚሁ ነው የማስተካክለው።

አሁን ምን ሆነብን? ሰሞኑን ደጋግመህ ምስሉ ቆመ ትላለህ። ትናንት ሲያወራህ «አልታየኝም፣ ነገ እንሞክር» ብለህ ዘጋህ፤ ከትናንት ወዲያም እንደዚያው። ድርጅቱ ጋ ደውዬ ተጣላሁ። ለዓመት አስፈርማችሁኝ በወሩ የሚሞት መስመር ሰጣችሁኝ አልኳቸው። ሰው እንልካለን ብለዋል።

የሐኪሙን ልንገርህ። ጨረሩ የተጠበቀውን ያህል አልሠራም። ሌላ መድኃኒት አለ፣ ከበድ ያለ ነው፣ አልጋ ላይ ይጥለዋል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን እንደማያውቁ ፊት ለፊት ነገሩን። እኔ ወዲያው እንጀምር አልኩ። ወንድሜ «ጥቂት ቀን ስጡኝ» ብሎ ጻፈላቸው። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው ወረቀቱን አጠፈው። እስካሁን ያልነገርኩህ ስትሰማ ተነሥተህ አውቶቡስ ላይ እንዳትወጣ ፈርቼ ነው። አትውጣ አባባ።

ልጅህ


ኅዳር 19

ለልጄ፣

የጻፍሽው ደርሶኛል። ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።

ምስሉ አሁንም ያስቸግራል። ግንባሩ ብቻ ይታየኛል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይታየኝም። ምናልባት ጥፋቱ በእኛ በኩል ይሆናል። ከሰዎቹ ጋር ብዙ አትጣዪ።

እዚህ ዝናብ ጥሎ የአጥሩ ሁለት ምሰሶ ዘመመ። የኔ ዳሌ ሳይድን አጥሩ ታመመ። የማገዶውን ክምር በላስቲክ አስሸፈንኩት። መምህርቷ ደህና ናት።

ብርድ እንዳይመታችሁ።

አባትሽ


ኅዳር 25

ይድረስ ለአባባ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ዛሬ የምጽፍልህን ስታነብ እንዳትቆጣ አስቀድሜ እለምንሃለሁ።

ባለሙያው መጣ። ዝምተኛ ሰው ነው። ሣጥኑን ፈታ፣ ሽቦውን ለካ፣ ምሰሶው ላይ ወጥቶ ወረደ። በመጨረሻ ላፕቶፑን አዙሮ አሳየኝና «እህቴ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው» አለኝ። አላመንኩትም። አባቴ አይታየኝም እያለ እንዴት ጤነኛ ይሆናል ብዬ ጮኽኩበት። ታግሦኝ፣ እናንተ ዘንድ ያለውንም እንሞክር አለ። መምህርቷ ጋ ደወልን። ፊቷ፣ የጆሮ ጌጧ፣ ከኋላዋ ያለው የቀን መቁጠሪያ ቁጥሩ ሳይቀር ጥርት ብሎ ታየን። እኛም እንደዚያው እንታያት ነበር። ሰውየው ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ይቅርታ ሳልጠይቀው ቀረሁ።

መምህርቷ ሳልጠይቃት አንድ ነገር ነገረችኝ። ሰሞኑን ከክፍሏ ዓይንህን በእጅጌህ እየጠረግህ እንደምትወጣ፣ ሻይ ስታቀርብልህ እንደማትቀምስ። አትቀየማት፤ ስለ አንተ ተጨንቃ ነው።

ትናንት ደግሞ አድርጌው የማላውቀውን አደረግሁ። በሩን ገርበብ አድርጌ ቆሜ ከንፈሩን አየሁት። ማንበብ እንደማልችል ታውቃለህ። ግን አንድ ዓይነት አጭር ነገር ሲደጋግም አየሁ። ከንፈሩ ያንኑ ቅርፅ ይሠራል፣ ይቆማል፣ ይጠብቃል፣ እንደገና ይሠራዋል። ለሕፃን ቃል እንደሚያስተምር ሰው በዝግታ። አንተ ራስህን ትነቀንቃለህ። ከዚያ «መስመሩ» አልክ፤ ዘጋህ። እሱም ስልኩን አስቀምጦ ጣሪያውን ሲያይ ቆየ። ሐኪሞቹ መልሱን እየጠበቁ ነው፤ እሱ አሁንም ቀን ስጡኝ ይላቸዋል።

አባባ፣ ምን እያለህ ነው? አልፈርድብህም። ንገረኝ ብቻ።

ልጅህ


ኅዳር 30

ለልጄ፣

መስመሩ ደህና ነው። ባለሙያውን ካገኘሽው ይቅርታ ጠይቂልኝ።

ምስሉ ቆመ ባልኩበት የመጀመሪያ ቀን እንደ ሁልጊዜው ስለ ባለ ዳቦ ቤቱ ጢም እያወራን ነበር። በመካከል ወደ ስክሪኑ ተጠጋና «አባባ፣ ደከመኝ። ልተወው?» አለኝ። አገጩ ላይ ያልተላጨችውን ጢም እንኳ አያት ነበር፤ ያን ያህል ጥርት ብሎ ነው የታየኝ። እኔም «ምስሉ ቆመ ልጄ፣ አልታየኝም» አልኩት። ደገመልኝ። አልታየኝም አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ሌላ ሌላውን ካወራ በኋላ መጨረሻ ላይ ያንኑ ይጠይቀኛል፤ እኔም ያንኑ እመልሳለሁ። ይኸው ነው ያየሽው ቅርፅ።

እሱ የሚጠይቀኝ ፈቃድ ነው። አባት ልጁን እንዴት አድርጎ «እሺ» እንደሚለው አላውቅም። አፌ አልታዘዘኝም። መስመሩን ሰበብ አደረግሁ፤ አንቺ ደግሞ በእኔ ሰበብ ከሰው ተጣላሽ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ራሴ ደወልኩለት። አንቺ መድኃኒት ቤት ነበርሽ። ሰላም ከተባባልን በኋላ «አይቼሃለሁ» አልኩት። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አይቼሃለሁ።»

«አውቃለሁ» አለኝ። «ስትዋሽ ጆሮህን ታሻለህ።»

እንግዲያው ለምን ዝም አልከኝ ብለው፣ እስክትችል ስጠብቅህ ነው አለኝ። ይህን ያለኝ በሽተኛው ነው።

ለሐኪሞቹ ለምን ራሱ እንዳልነገራቸው፣ ለአንቺስ ለምን እንዳልጻፈልሽ ጠየቅሁት። መልሱን ሳልጨምር ሳልቀንስ እነግርሻለሁ። «ዓመት ፈርማልኛለች። ወረቀቱን ይዛ ስትገባ ፊቷን ባየኸው። እንዴት አድርጌ ልንገራት?» አለኝ።

ቆዳው ተቃጥሏል፤ መዋጥ አቅቶታል፤ ሾርባውን አንቺ ዞር ስትይ እንደሚደፋው ነገረኝ። የሚፈልገው በቀረው ጊዜ ሆስፒታል አለመተኛት፣ አንቺ አጠገቡ ሆነሽ ከእኔ ጋር መተያየት ነው። «እረፍ ልጄ» አልኩት። ስናገር ድምፄ ምን እንደሚመስል ለራሴ አይሰማኝም፤ እሱ ግን ሰማው። ራሱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሣኝ። ከዚያ ዓይኑን ጨፈነ። ሳይዘጋው ተኛ፤ እኔም ሳልዘጋው አየሁት።

አንቺን አስቀድሜ ሳላማክር ፈቀድኩለት። ብትቆጪኝ ልክ ነሽ። እሱን ግን አትከራከሪው።

አባትሽ


ታኅሣሥ 6

ይድረስ ለአባባ፣

ደብዳቤህን ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ተቆጥቼ ነበር፤ አልዋሽህም። ያለ እኔ ሁለታችሁ እንደተማከራችሁ ሳስብ ደሜ ፈላ። እኔ ለዓመት ስፈርም እናንተ ልትሰነባበቱ አልኩ። ከዚያ ሾርባው ትዝ አለኝ። ሳህኑ ባዶ ሲመለስ ስንት ጊዜ «ጎበዝ» እንዳልኩት። ቁጣዬ እዚያው ደረጃው ላይ ቀረ።

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ምን እንደምል ስላላወቅሁ ውሉ ምንም ማለት አይደለም፣ ወረቀት ነው አልኩት። እስክሪብቶ ጠየቀኝና «ዓመቱን አንቺ ተጠቀሚበት። ፊልም እዪበት» ብሎ ጻፈ። ሥቄ ሳልጨርስ አለቀስኩ። ራሴን ጭኑ ላይ አድርጎ ፀጉሬን በጣቱ ሲያበጥርልኝ ቆየ፤ ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ይቆረጥ ብሎ በምልክት አሳየኝ።

ለሐኪሞቹ ነገርናቸው። ከሐኪሞቹ አንዷ እጁን ይዛ ብዙ ቆየች። ወደ አንተ ላመጣው እችል እንደሆነ ጠየቅኳት፤ መንገዱን አይችለውም አለች። የሕመም ማስታገሻውን ነርስ ቤት ድረስ እየመጣች ትሰጠዋለች።

ስክሪኑን ከአልጋው ግርጌ ወንበር ላይ አቆምኩት። መምህርቷ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ቁልፏን እየተወችልህ እንደሆነ ነግራኛለች፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። የግድ ማውራት የለባችሁም። መስመሩ ክፍት ይሁን፤ ሲነቃ ያይሃል።

ልጅህ


ጥር 8

ይድረስ ለአባባ፣

ከቀብሩ ወዲህ እንዴት ሰነበትክ? የሐዘንተኛው ብዛት ዳሌህን እንዳይጎዳህ፤ ለእያንዳንዱ ሰው መነሣት የለብህም፣ ያውቁልሃል።

እኔ ወደ ተከራየሁት ቤት በሰላም ተመልሻለሁ። ቤቱን አስረክቤ እስክመጣ ድረስ እዚህ ነኝ። ያዋሰንን አልጋ ሆስፒታሉ መልሶ ወሰደ። ልብሱን ለነርሷ ሰጠኋት፤ ለሚያስፈልገው ታደርሰዋለች። አከራይዋ የግድግዳውን ቀዳዳ እደፍናለሁ ብላቸው ተይው አሉኝ። መግቢያው ላይ ቆመው ብዙ ካለቀሱ በኋላ ነው ይህን ያሉት።

ወደ ድርጅቱ ሄጄ መስመሩን አቋርጡልኝ አልኳቸው። ያው ልጅ ነው የተቀበለኝ። ውሉ ገና ነው፣ ምክንያት መሙላት አለብኝ፣ ቤት ለቀቁ ወይስ አገልግሎቱ አልተስማማዎትም አለኝ። አገልግሎቱ ጥሩ ነበር አልኩት። «ወንድምዎም አብረው ነው የሚለቁት?» አለ። አስታውሶኝ ነው። አዎ አልኩትና ሌላ ነገር ሳይጠይቀኝ ወጣሁ።

እዚያ ሳለሁ ሰው በዝቶ፣ ፊትህን እያየሁ ደግሞ አልችል ብዬ፣ ያልጠየቅሁህ ነገር አለ። ባረፈበት ቀን እኔ ከንፈሩን ላርጥብለት ብዬ ለብ ያለ ውሃ ላመጣ ኩሽና ነበርኩ። ቧንቧው ክፍት ነበር። ድምፅህን ሰማሁ፤ ጮክ ብለህ ስትናገር። ቃሉን አልያዝኩትም። ቧንቧውን ዘግቼ ስገባ አንተ ወደ በሩ ታያለህ፤ እሱ ሄዷል።

ስለዚህ አንድ ነገር ብሎሃል። አንተም መልሰህለታል። እኔ ያን ሁሉ ቀን አጠገቡ ውዬ ለአንዲት ብርጭቆ ውሃ ስል አመለጠኝ። ምን አለህ አባባ? የወንዶች ነው ካልከኝ እተወዋለሁ። ግን ብታካፍለኝ ደስ ይለኛል።

ልጅህ


ጥር 14

ለልጄ፣

በሰላም በመግባትሽ ተመስገን። እኔ ደህና ነኝ። ሰዎች አሁንም ይመጣሉ። ባለ ዳቦ ቤቱ ተላጭቶ መጣ፤ መጀመሪያ አላወቅሁትም።

አንቺ ልትሰሚው የምትፈልጊው ቃል ቢኖረኝ ኖሮ በሐዘኑ መካከልም ቢሆን ጠርቼ እነግርሽ ነበር። አንድ ጥሩ ነገር ፈጥሬ ልጽፍልሽ ሁለት ቀን አሰብኩ። ከእንግዲህ ግን ስለ እሱ ያልሆነውን አልልም።

ምንም አላለም ልጄ። ከጠዋት ጀምሮ ከንፈሩ አልተላወሰም። አንቺ ስትወጪ ዓይኑ ተከድኖ ነበር፤ ብርድ ልብሱ ከፍ ዝቅ ይል ነበር። እኔ እሱን ስከተል ነው የዋልኩት፤ ከፍ፣ ዝቅ። ከዚያ ቆመ። ምስሉ የቆመ መሰለኝ። መስመሩ ነው አልኩ። ደስ አለኝ፤ መስመሩ ነው ብዬ። እጄን ዘርግቼ ስክሪኑን መታ መታ አደረግሁት።

ያን ጊዜ ከራስጌው ያለው መጋረጃ ንፋስ ገብቶበት ተንቀሳቀሰ።

መልስ አልነበረም የሰማሽው። አንቺን ስጠራሽ ነው። አቤት ትበዪ አትበዪ ስለማልሰማ፣ በሩ ላይ እስክትታዪኝ ድረስ ስምሽን ደጋገምኩት።

አባትሽ